እኔ አውቀዋለሁ

በእኛ አገር ውኃ ያልሆነ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው በውኃ ዕቃ ነው። ላምባ በሃይላንድ፣ በረኪና በሃይላንድ፣ ቲነር በሃይላንድ፣ የሽንኩርት መርጫ መድኃኒት በሃይላንድ፣ አረቄ በሃይላንድ፣ ጠበልም በሃይላንድ። ሃይላንድ ሲጀመር የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር። ቆይቶ የባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ የወል ስም ሆነ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው፣ መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲጮኹ ሳይሰማ አልቀረም። እውነታቸውን ነው፤ ጠርሙሱ ጥሩ ዕቃ ነው። አይከብድም፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ክዳኑ ግጥም ይላል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፣ ምን እንደተቀበለ ግን አይናገርም።

«ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ባለቤቱን ብትጠይቁት የምታገኙት መልስ ያው አንድ ነው። «ተወው፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ስለዚህች መልስ አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩት ባልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የፒያኖ ቃኚ ክፍል። እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። የእኛ አገር መሣሪያ ማሲንቆ ነው፤ ማሲንቆ ደግሞ ብዙ መድኃኒት አይፈልግም። አዝማሪው ጭራውን በዕጣን አሸት አሸት ያደርገዋል፣ ቆዳው ከረገበበት እሳት ዳር ያሞቀዋል፣ አለቀ። ፒያኖ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። አንድ ወዳጄ ለልጁ ያገለገለ ፒያኖ ገዝቶ ቃኚ እንድፈልግለት ስለላከኝ ነው እኚያን ሰው ያወቅኋቸው።

«የዕለት እንጀራ ለቸገረው አገር ፒያኖ ምን ያደርግለታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ፒያኖ እኮ በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ግሸን ማርያም ገብተው ከመነኮሱ በኋላም ወደ ፒያኖአቸው ተመልሰዋል። ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪውን ችግር በዓይናቸው አይተዋል። ዛሬ ዓለም የሚሰማቸው በዚያው መሣሪያ ነው። ግርማ ይፍራሸዋን የመሰሉ ባለሙያዎች ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥተዋል። ብቻ አንድ ነገር አለ፤ ፒያኖው ከውጭ ሲመጣ ጠጋኙ አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ያለው አንድ ፒያኖ እንደ ምንም ተጠብቆ መኖር አለበት፣ የሚጠብቀውም ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

የቃኚው ክፍል ጠባብ ናት። አንደኛው ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ ነው፤ ከበሩ ራቅ ብሎ መሬት ላይ አንድ ክዳን ያለው የብረት ሣጥን ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ብልቃጦች ሁሉ ወገባቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። በእያንዳንዱ ፕላስተር ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አራት ነገር ተጽፏል፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ መቼ እንደተከፈተና ምንን መንካት እንደሌለበት። አንዱን አነሣሁና አነበብኩ። «ስፕሪት ከውኃ ጋር። የጠበቀ ማጠፊያ ለማላላት። የካቲት ተከፈተ። ቀለሙን እንዳይነካ!»

«ቀለሙን ቢነካ ምን ይሆናል ጋሼ?» አልኳቸው።

«የድሮ ፒያኖ የሚያብረቀርቀው ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው። ሙጫውን ለመቀባት የሚያቀጥኑት በስፕሪት ነው። ያቀጠነው ነገር ተመልሶ ያሟሟዋል። አንዲት ጠብታ ከጣልክበት ከእኔም ከአንተም በፊት የነበረ ዕቃ ላይ ጠባሳ ትተህ ሄድክ ማለት ነው።»

ፒያኖ ከውጭ ሲያዩት ቁም ሣጥን ነው። ሲከፍቱት ሌላ ዓለም ነው። 88 ቁልፎች፣ ወደ 230 የሚጠጉ የብረት ክሮች፣ ክሮቹ አንድ ላይ ሲወጠሩ የሚስቡት ከ15 እስከ 20 ቶን የሚደርስ ኃይል፣ በመካከል ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የእንጨት፣ የቆዳና የሱፍ ክፍሎች። ሱፉ እኛ አገር እንደሚሠራው ባና የተጠቀጠቀ ነው። ማጠፊያው ሁሉ ያለ ድምፅ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሱፍ ላይ ነው። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ነገር ትልቁ ምሥጢር፣ ፒያኖ ዘይት አለመውደዱ ነው።

ቃኚው አንድ ጊዜ የገጠማቸውን አጫወቱኝ። የአንድ አዳራሽ ፒያኖ ቁልፎች በክረምት ተጣብቀው ተጠሩ። እርጥበት ሲበዛ እንጨቱም ሱፉም ያብጣል፤ ያለ ነገር ነው፣ ቀላል ነው። እሳቸው እስኪደርሱ ግን አንድ ደግ ሰው ቀድሟቸዋል። ዕቃ ቤት ገባ፣ በጠርሙስ የተቀመጠ የስፌት መኪና ዘይት አገኘ፣ «ለመኪና የጠቀመ ለዚህ ምን ይለዋል» ብሎ በየማጠፊያው ጠብ ጠብ አደረገ። ለሁለት ቀን ፒያኖው ዳነ። ከዚያ ሱፉ ዘይቱን ጠጥቶ አበጠ፣ አቧራ ሰብስቦ ተጣበቀ። ከዚህም የከፋ አለ። ዘይቱ ክሮቹ የተጠመጠሙባቸው የብረት ካስማዎች የተተከሉበት እንጨት ውስጥ ገብቷል። ካስማውን ይዞት የነበረው የእንጨቱ ጥብቀት ነው፤ እንጨቱ ቅባት ከጠጣ ካስማው ይንሸራተታል። ጠዋት የተቃኘው ማታ ይወርዳል።

«ሰውየውን ልቆጣው አልቻልኩም» አሉኝ። «ክፋት የለበትም። ጠርሙሱ ላይ ‹ፒያኖ እንዳይነካ› የሚል ሁለት ቃል ቢኖር ኖሮ እጁን ይሰበስብ ነበር።»

እሳቸው ለማለስለሻ የሚጠቀሙት ባብዛኛው ደረቅ ነገር ነው፤ መጥበሻ እንዳይዝ የሚቀባው የቴፍሎን ዓይነት በዱቄት መልኩ፣ የእርሳስ እንጨት ውስጥ ያለው ጥቁሩ ግራፋይት፣ እነዚህን የመሳሰሉ። የሚያሟሙት ነገሮች ግን ፈሳሽና ተናኝ ናቸው። ስለ እነሱ ሲያወሩ ፊታቸው ይለወጣል።

ከነዚህ አንዱ በእንግሊዝኛ መጽሐፎቻቸው ላይ «ናፍታ» ይባላል። እዚህ ላይ ሳቅ አሉ። እኛ ናፍታ የምንለው ከጣሊያን የወረስነውን ስም ነው፤ የጭነት መኪና የሚጠጣው ወፍራሙ ነዳጅ። የእንግሊዝኛው ናፍታ ከዚያ የተለየ፣ ወደ ቤንዚን የሚጠጋ ቀጭን ነገር ነው። ቶሎ ይተናል፣ ቅባትን አጥቦ ይሄዳል፣ እሳትም ፈጥኖ ይይዛል። አንድ ጀማሪ መጽሐፉን አንብቦ ማደያ ሄዶ ናፍታ ቢቀዳ ፒያኖውን በመኪና ነዳጅ አጠበው ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ጠርሙስ ላይ ስም መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ። «ለምን እንደሚያገለግል» የሚለው ሁለተኛው መስመር ያለ ምክንያት አልተጻፈም።

የብረት ሣጥኑ የእነዚህ ተናኝ ነገሮች ቤት ነው። ቲነር፣ አሴቶን፣ አኳራጅ፣ ያ የተሳሳተ ስም ያለው ፈሳሽ፣ ሁሉም በመጡበት ቆርቆሮና ጠርሙስ፣ ክዳናቸው ጠብቆ፣ በትንሽ በትንሹ። ወደ ሃይላንድ አይገለበጡም፤ አንዳንዱ ማሟሟቻ ፕላስቲኩን ራሱን ያለሰልሰዋል። በሩ ላይ ደግሞ አንድ ለአበሻ የሚከብድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «በዚህ ክፍል ቡና አይፈላም።»

«እንዴ፣ ቡና ምን አደረገ?» አልኩ።

የቤንዚንና የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም፤ እንደ ውኃ ወለል ለወለል ይፈሳል። ዓይን አያየውም። የእኛ ቡና የሚፈላው ደግሞ መሬት ላይ፣ በከሰል ማንደጃ ነው። ጠርሙሱ እዚህ ተከፍቶ ማንደጃው እዚያ ቢሆን፣ ትነቱ በእግሩ ሄዶ ፍሙን ያገኘዋል፤ እሳቱም በመጣበት መንገድ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ቀጥለው የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ አሳዩኝ። ከቤት ውጭ ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ተጨማዶ ጥግ ከተወረወረ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀምና ማንም ክብሪት ሳይጭር ሊቀጣጠል ይችላል። ተልባ እየጠጣሁ አድጌ ይህን አላውቅም ነበር። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁሉን ካየሁ በኋላ በልቤ የያዝኩትን ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ የሚሠሩት ብቻዎን ነው። እያንዳንዱን በእጅዎ ነው ያስቀመጡት። ይህን ሁሉ የሚጽፉት ለማን ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ያስቀመጥኩትን እኔው እንደማነሣው ማን ነገረህ?»

ይህን ሲሉኝ ልቤ ይፋግ ሄደ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። አክስቴ ቤት ሰው ሞልቶ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ ከጓዳ የልጅ ሳል ተሰማ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው፤ ሦስት ዓመት አልሞላውም። እግሩ ሥር ክዳኑ የተከፈተ ሃይላንድ ወድቋል። ጠጥቷል። ስንት እንደጠጣ አናውቅም፤ ምን እንደጠጣም አናውቅም።

ወዲያው ቤቱ በመላ ሰጪ ተሞላ። አንዷ «ላምባ ነው፣ ሽታው አይነግራችሁም?» ትላለች። ሌላው «ቲነር ነው፤ በሩን ሊቀባ ሲያመጣ አይቻለሁ» ይላል። አንድ ጎረቤት «እረ የሽንኩርቱ መድኃኒት እንዳይሆን!» ሲል አክስቴ ጉልበቷ ከዳት። ፎገራ ሜዳ አጠገብ ለሚኖር ሰው የሽንኩርት መድኃኒት በየቤቱ አለ። አንዷ ወተት ይዛ ትሮጣለች፣ ሌላዋ ጣቷን ጉሮሮው ከትታ ልታስመልሰው ትታገላለች። ተሸክመነው ወደ ጤና ጣቢያ በረርን።

ነርሷ ልጁን ተቀብላ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። «የጠጣው ምንድን ነው?»

ዝም አልን። ደግማ ጠየቀች። «አትስሙኝም እንዴ? ምንድን ነው የጠጣው?»

ጥያቄው ለወሬ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ላምባ የጠጣ ልጅ ማስመለስ የለበትም፤ ሲያስመልሰው ሳንባው ውስጥ ይገባና ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚያ ነው። የተባይ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሌላ ሕክምና አለው። በረኪና ሌላ ነው፤ ጉሮሮን ያቃጥላል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም፤ እኛ ለሁሉም መድኃኒት ያደረግነው ወተትም ለአንዱም መድኃኒቱ አይደለም። ጠርሙሱን ያስቀመጠው የልጁ አባት አዲስ ዘመን ሄዷል። ስልኩ አይነሣም። ነርሷ ጠርሙሱን ታሸታለች፣ ልጁን ታዳምጣለች፣ እኛ ቁጥሩን ደጋግመን እንመታለን። ያቺ ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደነበራት ዛሬም አላውቅም።

በመጨረሻ ስልኩ ተነሣ። «ላምባ ነው» አለ። ልጁ ለቀናት ሲያስለውና ሲያተኩሰው ሰነበተ፣ ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትየው እየሮጠ ደርሶ በር ላይ ሲቆም ያላትን ቃል ግን አልረሳትም። «እኔ እኮ አውቀው ነበር!»

እውነቱን ነው፣ ያውቀው ነበር። እውቀቱ ግን ያለው አዲስ ዘመን ገበያ መካከል ነበር። ልጁና ጠርሙሱ ያሉት ይፋግ ነው።

አንዳንዴ ሳስበው፣ የድሮ ሰው ከእኛ የተሻለ ያስቀምጥ ነበር እላለሁ። ዕቃው ራሱ ስም ነበረው። እንስራ ካያችሁ ውኃ ነው፣ ጋን ካያችሁ ጠላ ነው፣ ብርሌ ካያችሁ ጠጅ ነው። ስልቻ እህል ነው፣ አገልግል ስንቅ ነው፣ ወይራ ወይራ የሚሸተው ቅል ወተት ነው። መብራት በሌለበት ጓዳ ዓይናቸው የደከመ አያት እንኳ ዳብሰው ያውቁታል፤ ሸክላው፣ ቅሉ፣ ቆዳው፣ ስንደዶው ለእጅ ይናገራል። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ስሙ የታወቀ ገበያ ነበር። የዚያ ዘመን ነጋዴ አሞሌውን እንዳይሸራረፍ በልጥ አስሮ ነበር የሚጭነው። ማንም ነጋዴ አሞሌን ማር መያዣ ውስጥ አይከትም። ጀሪካንና ሃይላንድ ሲመጡ ሸክሙ ቀለለልን፣ ውኃ የምትቀዳ እህቴም ወገቧ ዐረፈ። ግን ስሙን የያዘው ዕቃ ሲሄድ ስሙን ወደሌላ ነገር አላሸጋገርነውም። ጭንቅላታችን ውስጥ ተውነው።

ጭንቅላት ደግሞ ክዳን የለውም። የመሥሪያ ቤቶቻችን ነገር ይህ አይደል? «ፋይሉ የት ነው?» «እሱን አቶ እገሌ ነው የሚያውቀው።» «አቶ እገሌስ?» «ፈቃድ ላይ ነው።» የውኃው መዝጊያ የት እንዳለ የሚያውቀው ዘበኛው ነው፤ ዘበኛው ጡረታ ወጥቷል። የእናት አባት መሬት ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ አጎት ብቻ ያውቁታል፤ አጎት ባለፈው ሳምንት ተቀበሩ፤ ከዚያ ክስ ነው።

የእኛው አካባቢ የዚህ ትልቅ ምስክር አለው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው፤ በ1859 ዓ.ም.። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሲወድቁ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ። መድፉ ቀረ። ጋፋት ግን ዳግመኛ መድፍ አልሠራችም። ጦርነቱም፣ ድህነቱም፣ የንጉሡ ሞትም ምክንያት ናቸው። ሆኖም ብረቱ እንዴት እንደሚቀልጥ የሚያውቀው ጭንቅላት ሲሄድ ለተከታዩ አንብቦ የሚሠራበት ነገር ትቶለት ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የሚጀምርበት ባላጣ ነበር እላለሁ።

ማስቀመጥ ማለት እኮ ለሌላ ሰው ማስቀመጥ ነው። ለራስ ብቻ ከሆነማ ደብቆ መያዝ ይባላል። አስቀማጩ ሲያስቀምጥ የሚያስበው የማያውቀውን ሰው መሆን አለበት፤ ማንበብ የጀመረውን ልጅ፣ አዲሷን ሠራተኛ፣ በሌሊት ራስ ምታት ተነሥቶ ውኃ የሚፈልገውን እንግዳ፣ ልጅ ይዞ የሚሮጠውን ጎረቤት፣ «የጠጣው ምንድን ነው?» የምትለውን ነርስ።

ስለዚህ ከቃኚው የተማርኩትን እንደወረደ ላስተላልፍ። አንድ ጥቅልል ፕላስተርና አንድ እስክሪፕቶ ግዙ። ከአልጋ ሥር፣ ከጓዳ፣ ከመጸዳጃ ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ አውጡ። ምን እንደሆነ የማታውቁትን ሽታ አታሽትቱ፤ ለማንም በማይደርስበት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ያስቀመጠው ሰው ይጠየቅ። የሚቃጠለውን ከእሳት፣ የሚመርዘውን ከምግብና ከልጅ እጅ አርቁ። ከተቻለ በመጣበት ዕቃ ይቆይ። ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ ልጁን አታስመልሱ፣ ጠርሙሱን ከልጁ ጋር ይዛችሁ ሩጡ።

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያን ሰሞን ስለ ፕላስተሩ ስነግራት «አንተየ፣ እኔ ምኑን አነበዋለሁ? ያ እንቦቃቅላስ ምኑን ያነበዋል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በሌላ ጊዜ ስሄድ ግን ጓዳዋ ገብቼ አየሁ። የላምባው ጠርሙስ ልጅ ከማይደርስበት ማገር ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። አንገቱ ላይ ከአሮጌ ቀሚሷ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ተቋጥሮበታል። መንደሩ ሁሉ ቀይ ጨርቅ ያለበት እንደማይጠጣ ያውቃል፤ ልጆቹንም አስተምራቸዋለች። ልጁ አሁን አድጓል፤ ጠርሙሱን በጣቱ እያሳየ ለታናሽ እህቱ «ይችን አትንኪ» ሲላት ሰምቻለሁ።